ከሚጥሚጣው ጋር የተደቆሰው

ይህ የገጠመኝ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ ሠርጌ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ያም ሆኖ ድግስ ቤት ገብቼ የሚጥሚጣ ሳህን ወደ እኔ ሲገፋ ፊቴን አዞራለሁ። የማያውቁኝ ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት አይደለም፣ ይቀፈኛል። ለባሌ እንኳ ነገሩን ሙሉውን የነገርኩት ልጆች ከወለድን በኋላ ነው። ይህን የምታነቡት ምግብ እየበላችሁ ከሆነ እባካችሁ መጀመሪያ ጨርሱ።

እጮኛዬ ማቴዎስ አንጋጫ በምትባል ከተማ ያስተምር ነበር። ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ። ያን ጊዜ በእኛ በወንጌል አማኞቹ ዘንድ ሙሽራ ቬሎ መልበስ ገና መጀመሩ ነበርና የማቴዎስ አክስት ከአዲስ አበባ ነጭ ሳቲን ገዝታ ላከችልኝ። እንዴት ያለ ጨርቅ መሰላችሁ! እጅ ላይ አይቆምም፣ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እናቴ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና በቀሚሷ ጠርጋ ነው የነካችው።

"ይህን ደግሞ ማን ደፍሮ ይቆርጠዋል?" አለች።

ማን ይቆርጠዋል፣ እትዬ ፈለቀች እንጂ። እትዬ ፈለቀች ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። በሰፈሩ የሴት ቀሚስ በመኪና የምትሰፋ እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ከማንም በላይ ራሷ ታውቀዋለች። በዕድሜ እናቴን ስለምታክል አንቱ እላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንቱታውን አንስቼባታለሁ፣ እዚህም አልመልስላትም።

ቀጭን ሴት ነበረች። ወገቧን በቀበቶ ጥፍር አድርጋ ስትራመድ ከኋላ ያያት ኮረዳ ናት ይላል። አበላሏ ግን የሁለት ገበሬ ነው። ሠርግ ይሁን፣ ክርስትና ይሁን፣ ትሪው ባዶ ሳይሆን አትነሳም። "ይህ ሁሉ የት ይገባል?" እያሉ ሴቶች ሲስቁባት ሆዷን መታ መታ አድርጋ "ባለሟሌ ይበላዋል" ትላለች። እኛም ቀልድ መስሎን እንንከተከታለን።

እትዬ ፈለቀች በሜትር አትለካም። ለአንድ ደንበኛ አንድ ሲባጎ ትቆርጥና ደረት ላይ ቋጠሮ፣ ወገብ ላይ ቋጠሮ እያደረገች ልክ ትይዛለች። የማን እንደሆነ እንዳይጠፋባት በሲባጎው ጫፍ ከደንበኛዋ ጨርቅ ቁራጭ ታስርበታለች። ሲባጎዎቹ በሩ አጠገብ ከአንድ ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ። የእኔም የሳቲን ቁራጭ ታስሮለት ከሌሎቹ ጋር ተሰቀለ።

መስከረም እንደገባ ለሙከራ ጠራችኝ። ቀሚሱ ከጀርባ በቁልፍ የሚዘጋ ነበር። እጆቼን አስገባሁ፣ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ቁልፎቹ ወዲህ፣ ቀዳዳዎቹ ወዲያ። እትዬ ፈለቀች ጉልበቷን ወገቤ ላይ ደግፋ ስትስብ ከጎን በኩል ስፌቱ ተንጣጣ።

"አንቺ ልጅ!" አለች። "ወፈርሽ እኮ!"

"እኔ?"

"ታዲያ እኔ ነኝ? ስለካሽ እንዲህ አልነበርሽም። ገና የመስቀል ቅቤ ሳይመጣ እንዲህ ከሆንሽ ከመስቀል በኋላ በምን ልናስገባሽ ነው? እንዳላሰፋው ደግሞ ጨርቁ አልተረፈም፣ አንድ ጣት አልተረፈም።"

በእኛ አገር ያን ጊዜ "ወፈርሽ" ማለት ምርቃት ነበር። ሙሽራ ከስታ ከወጣች የወላጆቿ ቤት ይታማል። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። ሳቲኑን የላከችው አክስት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ምእመኑ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ፓስተሩ እየጸለየ፣ የጀርባዬ ቁልፎች አንድ በአንድ ሲፈናጠሩ ታዩኝ። በቃ፣ እስከ ሠርጌ እህል ላጣጥም እንጂ አልበላም አልኩ።

መስቀልን በሐድያ ምድር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ያሆዴ እንለዋለን። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ በሬ ይገዛሉ። ሴቶቹ ደግሞ ዊጆ ይገባሉ፤ ዊጆ እንደ ዕቁብ ያለ የቅቤ ማጠራቀሚያ ነው፣ በየተራ ይደርሳል። ለዋዜማው አታካና ይሠራል። ቡላው በወተት፣ በአይብና በቅቤ ይበስላል፣ ይልቁንም በቅቤ። ሳህኑ ላይ ሲቀርብ ቅቤው ዳር ዳሩን ኩሬ ሠርቶ ይቀመጣል። አታካና ቀርቦለት እጁን የሚሰበስብ ሰው በሕይወቴ አላየሁም፣ ከራሴ በቀር።

ያ መስቀል በአባቴ ቤት የመጨረሻዬ ነበር። እናቴ የዊጆ ተራዋ ገና ሆኖ ሳለ ከሴቶቹ ጋር ተከራክራ፣ ለምና፣ ለዚያ በዓል አስቀየረችው። ልጄን በአታካና ልሸኝ ብላ ነው። ዋዜማው ዕለት ሳህኑን ከአባቴ አስቀድማ ለእኔ አቀረበችልኝ።

"አማ፣ ጠግቤያለሁ" አልኳት። እናታችንን አማ ነው የምንላት።

"የት በልተሽ?"

"ትምህርት ቤት።"

በዋዜማ ትምህርት ቤት እንደማይከፈት ታውቃለች። ሳህኑን አነሳች። እያነሳች በሐድይኛ አንድ ነገር አለች። ወደ አማርኛ ሲመለስ "ከአሁኑ የሰው ሆነሻል" ማለት ነው።

በበዓሉ ቀንም ያው ሆነ። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዪ ማለቱን ተወች፣ ቀስ በቀስም መነጋገሩን ተወች። ቤቱ በቅቤ ሽታ ታፍኗል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ቅቤ ያልነካውን ጎመን እንደ ጥጃ አመነዥካለሁ። ሆዴ ሲጮኽ እንግዳ ሰምቶ ዞር ብሎ ያየኛል። የቀሚሱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ከእናቴ ጋር ተኳርፌ ከቤት ልወጣ ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር።

እንዲህ እያለሁ በበዓሉ ሰሞን እትዬ ፈለቀች ለሙከራ ነይ ብላ ላከችብኝ። ስገባ ትሪው ተዘርግቷል፦ ክትፎ፣ ቆጮ፣ አይብ፣ አንድ ትንሽ የሸክላ ጽዋ ሚጥሚጣ።

"ቁጭ በይና ብዪ" አለች።

"እወፍራለሁ፣ እትዬ።"

"እኔን እያየሽ? ስንት ዘመን እየበላሁ አንድ ቀን ቀሚስ ጠቦኝ ያውቃል? ያንቺን ልክ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል! ብዪ ስልሽ ብዪ፣ አትወፍሪም።"

ሰፊዋ ራሷ ብዪ ካለች ምን ቀረ! እንዴት እንደበላሁ አትጠይቁኝ። የተራበ ሰው ያፍራል እንዴ? እሷ በአጠገቤ ተቀምጣ ሚጥሚጣውን በጣቷ እየቆነጠረች ክትፎው ላይ ትነሰንስልኛለች፣ በመሐል ጎረስ አድርጊ እያለች በእጇ ታጎርሰኛለች። እንዲያውም "ሚጥሚጣዎ እንዴት ይጣፍጣል" አልኳት። አዎ፣ ብያለሁ። ጣቴንም ልሻለሁ።

እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠጋ አለችኝ። ፊቷ ሽልማት እንደሚሰጥ ሰው በርቷል።

"በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ የልብሽን ብዪ። ኮሶ ብቻ እንዳትጠጪ።"

"ለምን?"

ለዛሬ ልጆች ማስረዳት አለብኝ። ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ የኮሶ ትል ይይዘው ነበር፣ በየጊዜው ኮሶ እየጠጣ ያወጣዋል። ነውር አልነበረም፣ እንደ ጸጉር መታጠብ የታወቀ ነገር ነው። እትዬ ፈለቀች ግን ለዓመታት ኮሶ በአፏ አልዞረም። ትሉን አውቃ ነው ያኖረችው። የምትበላውን እሱ እየተካፈለላት፣ እሷ ቀበቶዋን ጥፍር አድርጋ ትሄዳለች። ባለሟሌ የምትለው እሱን ኖሯል።

"ቆራርጦ የሚጥለውን ደግሞ አልደፋሁትም" አለች፣ ስለ ጎመን ዘር እንደምታወራ። "ለአንቺ ብዬ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ከሚጥሚጣው ጋር ነው የደቆስኩት። ሠርግሽ ነው ብዬ!"

መጀመሪያ ጆሮዬ አልገባውም። ሆዴ ግን ቀድሞ ገባው። ዘልዬ ተነሳሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ ሁሉንም ደጃፏ ላይ አወጣሁት። ሰው ሲያስመልስ ሌላው ጀርባውን ይደግፈዋል፣ አይደል? እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ! "ኧረ ልታወጪው ነው! ዋጥ አድርጊው፣ ዋጥ!" እያለች በዚያው ባጎረሰችኝ እጅ አፌን ልትይዝ መጣች። ገፍትሬያት ሮጥኩ።

በበዓል ነጠላዬ፣ በጭቃው መሐል፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ሳልመልስ፣ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። በሩ ላይ እየደረስኩ አንድ ጊዜ ደግሜ አስመለስኩ። ተረኛው ድሬሰር አቶ ሀንዲሶ ነበር፣ የትምህርት ቤታችንን ልጆች የሚከትብ፣ የሚያውቀኝ ሰው። እያለቀስኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ መሳቁን ሊደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"አይዞሽ፣ እህቴ" አለኝ ሲመለስ። "ይህኛው ትል በዚያ መንገድ አይያዝም። የሚመጣው ከጥሬው ሥጋ ነው። መፍራት ካለብሽ ክትፎውን ፍሪ እንጂ ሚጥሚጣውን ተዪው።"

"ክትፎውንም በልቻለሁ!"

"እሱንማ ሁላችንም በልተናል። ቆይቶ ምልክት ካየሽ ኮሶሽን ትጠጫለሽ፣ አለቀ።"

በሽታው ቀለለልኝ፣ መቀፈፉ ግን የት ይሄዳል? አይያዝም ሲባል ያልበላሁት ይሆናል እንዴ? ልወጣ ስል አቶ ሀንዲሶ ትክ ብሎ አየኝ።

"ይልቅ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ክረምቱን አሞሽ ነበር?"

"እኔ? ከሳሁ?"

"አጥንትሽ ወጣ እኮ። ሙሽራ ነሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

ይህን ቃል ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ደጅ ላይ ሆና መልኬን ስታይ ኩርፊያዋን ረሳችው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አወራሁላት፣ ቀሚሱን፣ "ወፈርሽ" መባሌን፣ ዋዜማውን ለምን እንደዋሸኋት፣ ክትፎውን፣ ሚጥሚጣውን። ሚጥሚጣው ጋ ስደርስ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ተነስታ የለበስኩትን ቀሚስ ወገቡ ላይ ጨምድዳ ያዘችው። እጇ ሙሉ ጨርቅ ነበር።

"ይህ አምና ልክሽ ነበር" አለች። "እኔ ሐሳብ ነው የሚያከሳት፣ ትዳሩን አልወደደችውም ስል ነው የሰነበትኩት።"

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

እትዬ ፈለቀች በልታ ጠግባ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። እናቴ እንደምን ዋልሽ አላለችም። እኔ በቀጥታ ወደ ምስማሩ ሄጄ የሳቲን ቁራጭ የታሰረበትን ሲባጎ አነሳሁና ወገቤ ላይ አዞርኩት። ቋጠሮው አልፎ ሄደ፣ ላላ። ከዚያ ቀሚሱን አወረድኩና በዚያው ሲባጎ ወገቡን ለካሁት። ጨርቁ ያለቀው ቋጠሮው ጋ ሳይደርስ ነው። ከአንድ ጋት ይበልጥ ጎድሏል።

"ሳቲን ሲቆይ ይሰበሰባል" አለች እትዬ ፈለቀች፣ እየተነሳች።

እናቴ አላየቻትም። የምታየው አልጋውን ነው። እትዬ ፈለቀች ስትነሳ ተሸፍነው የነበሩት ሁለት ትራሶች ታዩ። ነጭ ናቸው። ያብረቀርቃሉ። ልብሳቸው እጅ ላይ የማይቆመው የእኔ ጨርቅ ነው።

ስትሸነግለኝ የኖረችው ለዚህ ነበር! እኔ ጎመን እያመነዠክሁ ሳድር እሷ የሠርግ ቀሚሴን ተንተርሳ ታንኮራፋለች።

"ትርፍ መስሎኝ ነው የቆረጥኩት" አለች በመጨረሻ። "ትራሱ ከተሰፋ በኋላ ነው መጥበቡን ያየሁት። ምን ላድርግ? አንቺ ትንሽ ብትቀንሺልኝ ማንም ሳይሰማ ያልፋል አልኩ። ክፉ አላሰብኩም። እንዲያውም እየበላሽ እንድትቀንሺ ብዬ ነው የለፋሁት! በሉ ትራሱን ፍቱትና ውሰዱት።"

እናቴ አንዱን ትራስ አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። እትዬ ፈለቀች ራሷን ቅቤ የምትቀባ ሴት ነበረች፣ ያውም ሳታሰልስ። ጭንቅላቷ ያረፈበት ቦታ ቢጫ ክብ ሠርቶ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ፣ ጸጉር ተጣብቆበት፣ የከረመ ቅቤ ጠረኑ አፍንጫ ይሰብራል። እናቴ በሁለት ጣቷ እንደያዘችው ወለሉ ላይ ጣለችው። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ከውጭ ሆኜ እናቴ ስትናገር እሰማለሁ። እናቴ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። በሐድይኛ ያለቻትን እዚህ አልጽፈውም፣ ሙሉውን ብጽፈው አታትሙልኝም።

ቀሚሱን ይዘን ወጣን። እናቴ ለሠርጌ ልትለብሰው በሣጥን ያስቀመጠችውን አዲስ ነጠላ አውጥታ ቀደደችው። ገበያ ውስጥ በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ጎልማሳ በግራና በቀኝ ጎን እያስገባ ወገቡን አሰፋው። በቀጣዩ ዓመት እንደዚያ ነጠላ ጣልቃ ይግባልን ያሉ ሙሽሮች እንደነበሩ ሰምቻለሁ፣ ፋሽን መስሏቸው።

የዚያን ዓመት አታካና ግን አልበላሁትም። እናቴ እንደገና ልትሠራልኝ ተነሳች፣ ነገር ግን ቅቤው ገና ሲሸተኝ ያ ትራስ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ጎረስኩና መዋጥ አቃተኝ። አሁን እናቴ አልተቀየመችም። የተረፈውን ቅቤ በቅል አድርጋ አንጋጫ ይዘሽው ትሄጃለሽ አለችኝ። የሚያንገበግበኝ አሁንም ይህ ነው፤ ስንት ወር ያጠራቀመችልኝን ነገር ያቺ ሴት በአንድ ቀን አበላሸችብኝ።

ሠርጉ ደረሰ። ቀሚሱ ቁልፉ ሁሉ ተዘግቶልኝ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ወጣሁ። ዳሱ ውስጥ ከማቴዎስ ጋር ተቀምጠን፣ የአዲስ አበባዋ አክስት ከጎናችን ሆና፣ ትሪው ሲቀርብ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው! እትዬ ፈለቀች። የጠራት የለም። ቀበቶዋን ጥፍር አድርጋ፣ ለሁሉም "ቬሎውን እኔ ነኝ የሰፋሁት" እያለች መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች። ክትፎ በቆጮ ጠቀለለች። ከትሪው ላይ ሚጥሚጣ ቆንጥራ ነሰነሰችበት።

"የሙሽራዋን ጉርሻ እኔ ነኝ የማጎርሳት!"

ሰዉ እልል አለ። ጉርሻ በአማቶች ፊት አይመለስም፣ እንኳን ሙሽራ ማንም አይመልሰውም። እጇ ወደ አፌ መጣ። ያው እጅ ነው። ጥርሴን ገጠምኩ። አክስትየዋ "ምነው ልጄ፣ ጉረሺ እንጂ" አለችኝ። ማቴዎስ ዞሮ አየኝ፣ የሚያውቀው ነገር የለም። አፌን ብከፍት የሚወጣው ነገር ነጩን ቀሚስ፣ አማቶቼን፣ ሁሉንም እንደሚያዳርስ አውቄዋለሁ።

ያን ጊዜ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። አሮጌ ነጠላዋን ነው የለበሰችው። አማርኛ ለገበያ ካልሆነ አትናገርም፣ በሰው ፊት ደግሞ ታፍራለች። መጥታ በእኔና በዚያ እጅ መሐል ገባች። ዳሱ ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣

"ልጄ ጠግባለች" አለች።

እትዬ ፈለቀች ጉርሻውን ይዛ እጇ በአየር ላይ ቀረ። ወዴት እንደምታደርሰው ጠፋት። በመጨረሻ ለራሷ ጎረሰችውና ሳትቀመጥ ሄደች። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ የቀሚሴን አንገት አስተካከለችልኝ፣ ተመልሳም ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች።

ዛሬም ሳስበው ይቀፈኛል፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቼ አፌን ተጉመጥምጫለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር አንዷ የልጅ ልጄ ወገቧን ይዛ "አልበላም፣ ወፍሬያለሁ፣ ልብሴ ጠቦኛል" ትላለች። አልቆጣትም። "መጀመሪያ ልብሱን ለኪው" እላታለሁ፣ እናም አታካናውን በእናቴ ልክ አድርጌ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን እስኪተኛ፣ ፊቷ አስቀምጣለሁ። ከእሷ ጋርም እበላለሁ። ሚጥሚጣ ግን ማንም ይደቁሰው ማን፣ በእኔ ትሪ ላይ አይወጣም።